ጸጥ ያለ አልጋ ለሁለት፦ ጎርጎራ፣ ጎንደር ወይስ ሊማሊሞ?

ጎንደር ሆቴል አያንሳትም። የሚያንሳት ሌሊቱን ሙሉ ጸጥ የሚል ሆቴል ነው። ፒያሳ ላይ ንጹሕ አንሶላና ሙቅ ሻወር ያለው ክፍል በቀላሉ ይገኛል፤ ችግሩ ከሥሩ ያለው ጭፈራ ቤት ነው። ሙዚቃው ሲያበቃ ደግሞ የሰዓታቱ ዜማ በድምጽ ማጉያ ይጀምራል። አርባ አራት ታቦት አላት በምትባል ከተማ ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ዜማውን ለመስማት ብለው የሚመጡ እንግዶችም ብዙ ናቸው። ሁለት ቀን ተኝተው፣ አርፍደው ተነሥተው፣ ቁርሳቸውን በረንዳ ላይ ሊበሉ የመጡ ባልና ሚስት ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት።

የዚህ ዓይነት እረፍት ሲታሰብ ብዙዎች የሚስሉት የባሕር ዳርቻ፣ ትንሽ ቤትና ቁርስ ሠርታ የምታቀርብ ባለቤት ነው። ለጨው ውሃ ጅቡቲ ወይም ሞምባሳ መድረስ ያስፈልጋል። ለጎንደር ቅርቡ ውሃ ጣና ነው፣ ቅርቡ ዳርቻም ጎርጎራ። ውሃው ካልሆነ ገደሉ አለ፦ ሊማሊሞና ከደባርቅ በላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ጫፍ። ሦስተኛው ምርጫ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሆኖ ከጫጫታው ፈቀቅ ያለ ሰፈር መያዝ ነው። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ከሆቴሉ ኮከብ ይልቅ የሚጓዙበት ቀንና ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ከሆቴሉ በፊት ቀኑን

የቀን መቁጠሪያውን ያውጡና መጀመሪያ ጥርን ይመልከቱ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ርቋል። በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሌሊቱን የሚያድረው ሕዝብ፣ ዝማሬው፣ ነጠላው፣ በንጋት የሚረጨው ጠበል በሕይወት አንዴ መታየት ያለበት ነው። ለጸጥታ ግን የከፋ ሳምንት ነው። አልጋ ከወራት በፊት ይያዛል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ርካሹ ክፍል በድንገት ማዕረግ ያገኛል። ጥምቀትን ማየትም ማረፍም የሚፈልግ ጥንድ በዓሉን ጎንደር አይቶ ጥር 13 ገደማ ወደ ጎርጎራ ቢወርድ ሁለቱንም ያገኛል።

ጥር የሠርግ ወርም ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንዲሁ። ሰፊ ግቢና አዳራሽ ያለው ሆቴል በሠርግ ወራት ቅዳሜና እሁድ ለዕረፍት አይሆንም፤ ሙሽሮቹ የሄዱ ቢመስልዎ እንኳ ሚዜዎቹ አልሄዱም። በተቃራኒው በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ሠርግ የለም፣ ጭፈራ ቤቱም ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ክፍል ባዶ ስለሚያድር ዋጋ ላይ መነጋገርም ይቻላል። ጾሙን የሚጾሙ ጥንዶች ምንም አይቀርባቸውም። የማይጾሙ ከሆኑ ግን በትናንሽ ማደሪያዎች እንቁላልና ወተት ላይኖር ይችላልና ቀድመው ይጠይቁ።

የአየሩ ነገር አጭር ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ጉሙ ገደሉን ቀኑን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። ጥቅምት የሁሉም ምርጥ ወር ነው፦ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጣና ሞልቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ከደባርቅ በላይ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጎርጎራ ይሞቃል።

ሌላው የቀን ጉዳይ የመንገዱ ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰዓት እላፊ የሚታወጅበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመላክዎ በፊት ለማደሪያው ባለቤት ደውለው «መኪና በዚህ ሳምንት ይመላለሳል?» ብለው ይጠይቁ። ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊትም ይድገሙት። ከከተማ ወጥቶ በምሽት መጓዝ በምንም ሁኔታ አይመከርም።

ጎርጎራ

ከጎንደር ወደ ደቡብ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አዘዞ ላይ ይገነጠልና በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ይወርዳል። በሚኒባስ የሚሄዱ ከጎንደር መናኸሪያ ጠዋት ይሣፈራሉ፤ ሁለት ሻንጣ ይዞ የሚጓዝ ጥንድ ግን ኮንትራት መኪና ቢይዝ ይሻላል። የመመለሻውንም ቀን ከሾፌሩ ጋር ያኔውኑ ይነጋገሩ፤ ጎርጎራ ላይ ኮንትራት መኪና እንደ ልብ አይገኝም።

ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ታሪኳ ግን ከጎንደር ይቀድማል። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ ሱስንዮስ መቀመጫውን እዚህ አድርጎ ነበር። ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ከጀዝዊቶች ዘመን የተረፈው የድንጋይ ሕንጻ ፍርስራሽ አሁንም አለ፤ በጀልባ ይደረሳል። መንደሩ ውስጥ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም በግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች፣ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። ጥንዶች ቀድመው ማወቅ ያለባቸው አንድ ነገር አለ፦ በአቅራቢያው ያለው የማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሴት አይገባበትም። ለሁለት ሰው ጀልባ ተከራይቶ አንዱ ሲገባ ሌላዋ ጀልባ ላይ ፀሐይ መሞቅ የእረፍት ፕሮግራም አይሆንም፤ ጀልባ ሲከራዩ ሁለታችሁም የምትገቡበትን ቦታ ይምረጡ።

ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ቅርብ የሆነው ማደሪያ የተፈጠረውም እዚሁ ነው። ከኔዘርላንድ የመጡ ጥንዶች ከጣና ዳር የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ሠርተው «ቲም ኤንድ ኪም ቪሌጅ» የተባለውን ማረፊያ ከፈቱ፤ ለዓመታት መኪናቸውን እየነዱ አፍሪካን የሚያቋርጡ መንገደኞች ስሙን እየተቀባበሉ ይመጡበት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጥቂት ጎጆ፣ ብዙ ዛፍ፣ በቤቱ የተሠራ ምግብ፣ ፊት ለፊት ውሃ። በሌላ በኩል ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆኑት ሦስት የገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆና ተመርጣለች፤ ሁለቱ ወንጪና ኮይሻ ናቸው። በዚህም ዳርቻው ላይ ትልቅ ሪዞርት ተገንብቷል። ጎጆዎቹና ሪዞርቱ የተለያየ ዕረፍት ነው የሚሰጡት። ሪዞርቱ ምቾት አለው፤ ቤተሰብና ስብሰባም ይስባል። ሁለት ሰው ብቻውን መሆን ከፈለገ ጎጆው ይሻላል፣ ሻወሩ ትንሽ ቢያስቸግርም።

ጠዋት ላይ የጣና ውሃ ዝም ይላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከዳርቻው ሲቆሙ ከደንገል የታሠረች ታንኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይታያል፤ መቅዘፊያው ረጅም እንጨት ነው፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይነክራል፣ ታንኳዋ ግማሽ ድረስ ውሃ ጠጥታ ስለምትሄድ ሰውየው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሞገድ ይፈጠራል፤ ስለዚህ የጀልባ ጉዞ ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። ከሰዓቱ ለመጽሐፍና ለእንቅልፍ ይቀመጥ።

ዋና አይመከርም። ጣና የቢልሃርዚያ በሽታ ያለበት ሐይቅ ነው፣ በአንዳንድ ዳርቻዎቹም ጉማሬ ይኖራል። እግር ነክሮ ፎቶ መነሣት እንኳ ሸምበቆ በሌለበት፣ የአካባቢው ሰው ባሳየው ቦታ ይሁን። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም ገብቷል፤ ነፋስ ወደ ሌላ ዳርቻ ሊገፋው ስለሚችል «ውሃው ዳር ሣር ይዞታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም። ወባም አለ። ክፍሉ አጎበር ከሌለው የራስዎን ይያዙ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሰፊ አጎበር ይሁን፣ ጠባቡ ለሁለት ሲዘረጋ አንዱን እግር ውጭ ያሳድራል።

ጎንደር ውስጥ ከሆነ

ከተማው ውስጥ ሰፈር መምረጥ ዋናው ሥራ ነው። ፒያሳ ለመንሸራሸር እንጂ ለመተኛት አይመከርም። የጎሃ ኮረብታ ከሁሉም ይሻላል፦ ጎሃ ሆቴል የተቀመጠው ከከተማው በላይ ነው፤ የፋሲል ግቢ ግንቦች ከዚያ ሲታዩ ያምራሉ፣ የመኪናው ጡሩምባም እዚያ ሲደርስ ይደክማል። በማራኪና በቁስቋም አቅጣጫ ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የተከፈቱ ገስት ሀውሶች አሉ። እነዚህ ለጥንዶች ብዙ ጊዜ ከትልቅ ሆቴል ይሻላሉ፣ ባለቤቶቹ እዚያው ግቢ ስለሚኖሩ ሌሊት ጩኸት የማይፈቅዱት ለራሳቸውም ጭምር ነው።

የቁስቋም መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ግቢ ፍርስራሽ እዚያው ነው፣ ከፋሲል ግቢ ይልቅ ጎብኚው ያነሰ ነው። ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ብቻውን ሊዞረው ይችላል።

ሊማሊሞና ከዚያ በላይ

ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ መጀመሪያ ይቆሙበታል፦ መግቢያ ይከፈላል፣ ስካውት ይመደባል፣ ለማደር የሚሄዱ ከሆነ የሚያድሩበት ቀን ይመዘገባል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ ወጥቷል።

ለሁለት ሰው ሁለት ስም ተደጋግሞ ይነሣል። ሊማሊሞ ሎጅ በደባርቅ አጠገብ በገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። ግድግዳው ከአካባቢው በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ የየክፍሉ መስኮት ወደ ገደሉ የሚመለከት ነው። ስሜን ሎጅ ደግሞ ቡይት ራስ ላይ በ3,260 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን ራሱን የአፍሪካ ከፍተኛው ሎጅ እያለ ሲያስተዋውቅ ኖሯል። ሁለቱም ርካሽ አይደሉም። በጀት ያጠረው ጥንድ ደባርቅ ከተማ ፔንሲዮን ይዞ ቀኑን በፓርኩ አሳልፎ ሊመለስ ይችላል፤ ሎጁ ውስጥም ለምሳ ወይም ለቡና ብቻ መግባት ይቻል እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ።

ለዚህኛው ጉዞ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ ብርዱ፦ ክፍሉ ማሞቂያ አለው ወይስ ብርድ ልብስ ብቻ? ካልሲና ኮፍያ ይዞ መተኛት ፍቅርን አይቀንስም፤ ሲንቀጠቀጡ ማደር ግን ይቀንሳል። ሁለተኛ ከፍታው፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል፤ ከባሕር ወለል አካባቢ የመጣ የዳያስፖራ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታትና የእንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ጎንደር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እዚያ አድሮ መውጣት ይጠቅማል።

ጠዋቱ ግን ሁሉንም ይክሳል። ፀሐይዋ ስትሞቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በገደሉ ላይ ካደሩበት ወጥተው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ይነጫሉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው አጠገብዎ ሲበሉ የሚሰማው የሣር መነጨት ድምጽ ብቻ ነው። ምግብ ግን አይስጡ።

ስልክ ሲደውሉ

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰው ለሁሉም ጥያቄ «ችግር የለም፣ ይምጡ» ይላል። ክፋት የለውም፣ የእንግዳ ተቀባይነት ልማድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የማይመለስ ይሁን።

«ጸጥ ያለ ነው?» አይበሉ። «እህቴ፣ የክፍሉ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?» ይበሉ። ወደ መንገድ ከሆነ ከጀርባ ያለውን ይጠይቁ። «ከሥሩ ምን አለ?» ባር ከሆነ ሌላ ፎቅ። «ቅዳሜ አዳራሹ ተይዟል?» ሠርግ ካለ ሌላ ቅዳሜ። «ጀነሬተሩ የት ነው የተቀመጠው?» ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ መብራት የጠፋ ሌሊት ግን ሌላ ጥያቄ የለም።

ስለ ውሃም እንዲሁ። ጎንደርን ለረጅም ጊዜ ያጠጣው የአንገረብ ግድብ ደለል ስለሞላበት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ደህና ማደሪያ የሚባለው ጣሪያው ላይ በቂ ሮቶ ያለው ነው። «ሙቅ ውሃ አለ?» ሲባል መልሱ አለ ነው፤ «በስንት ሰዓት ነው ሙቅ ውሃ የሚመጣው?» ሲባል እውነቱ ይወጣል።

አልጋውንም በቃል ሳይሆን በቁጥር ይስማሙ፦ አንድ ትልቅ አልጋ ነው ወይስ ሁለት ትናንሽ? በአንዳንድ ቤት ደብል ሲባል ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይሰጣል፤ በሌላው አንድ ሰፊ አልጋ። ቁርስ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት? በሲንግል ዋጋ ክፍል ተይዞ የሁለተኛው ሰው ቁርስ መጨረሻ ላይ በሒሳብ ሲመጣ ማየት የተለመደ ነው። የተባለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምራል ወይ? ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያይ እንደሆነም ይጠየቅ፣ በተለይ ከጥንዶቹ አንዱ የውጭ ፓስፖርት ካለው። የሁለቱም መታወቂያ ይፈለጋል፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ መሄድ ዋናውን ሪሴፕሽን ከማሳደር ያድናል።

ክፍሉ ሲከፈት

ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ይዩ። ይህ ነውር አይደለም፤ አልጋ አይቶ መያዝ የአገሩ ልማድ ነው። አንዱ የውሃውን ቧንቧ ሲከፍት ሌላው መስኮቱን ከፍቶ ዝም ብሎ ይቁም። አንድ ደቂቃ ይበቃል፦ የሚሰማው የወፍ ድምጽ ነው፣ የብረታ ብረት ቤት መጋዝ ነው፣ ወይስ የጎረቤት ቴሌቪዥን? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መጋረጃው ይሸፍናል? ፍራሹ ላይ ሁለታችሁም ጫፍና ጫፍ ስትቀመጡ ወደ መሃል ትንሸራተታላችሁ? ከተንሸራተታችሁ ክፍል ይቀየርላችሁ።

አልጋው ላይ ፎጣ እንደ ዳክዬ ተጣጥፎ፣ ዙሪያው ቀይ የፕላስቲክ አበባ ተበትኖ ቢገኝ ብዙ አይማለሉ። ያ ድካም አንሶላውን በመቀየር ላይ ቢውል ይሻል ነበር።

ቁርሱ

የትንሽ ማደሪያ ክብሩ ቁርሱ ነው፤ ስለዚህ ከሚበሉበት ሌሊት በፊት ይነጋገሩ። ትልቅ ሆቴል ቡፌ ያቀርባል፤ በትንሽ ቤት ግን እንቁላሉ የሚገዛው፣ እንጀራው የሚጋገረው ለእርስዎ ነው። ማታ «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በረንዳ ላይ» ብሎ መንገር ብቻ ብዙ ያስተካክላል። የዳያስፖራ እንግዶች እዚህ ላይ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገሩ፤ «ስምንት ሰዓት» ያለ እንግዳ ቁርሱ ከምሳ በኋላ ቢመጣ ማንንም አይውቀስ።

ደባርቅ ላይ ገብስ ይጠይቁ። ያ ደጋ ገብስ አብቃይ ነው፦ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ በውርጭ ጠዋት ከዚህ የተሻለ የለም። ጎርጎራ ላይ ቀረሶ ወይም አምባዛ ጥብስ ለቁርስም ይቀርባል፤ ዓሣውን ጠዋት ከታንኳ ሲወርድ አይቶ መምረጥ ይቻላል። በጾም ዓሣ መብላት አለመብላት ላይ ቤቱ የራሱ አቋም ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ «ይሠራልኝ» ከማለት በፊት «በጾም ትሠራላችሁ ወይ?» ማለት ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ካልሆነ በስተቀር የጾም ቁርስ ይጠብቁ፤ ጥሩ የሽሮ ፍርፍር ያፈራችበት ቤት የለም።

ቡናው ከማሽን ይሁን ከጀበና ቀድሞ ይነገር። ከጀበና ከሆነ ሦስቱንም ዙር እስኪጠጡ ጊዜ ይስጡት፣ ቀጠሮ አይያዙበት።

ሒሳብና መመለሻ

ጎርጎራና ደባርቅ ላይ በካርድ እከፍላለሁ ብለው አይሂዱ። ቴሌብር በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ያው ጥሬ ብር ነው፣ ጎንደር ላይ ይያዝ። ደረሰኝ ይጠይቁ፣ የተስማሙበትን ዋጋ ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ። ክፍል የሚለቀቅበት ሰዓት በብዙ ቤት ከቀኑ አምስት ወይም ስድስት ነው፤ የማታ በረራ ያላቸው ጥንዶች ሻንጣ አስቀምጠው ከሰዓቱን በግቢው ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ ከመምጣታቸው በፊት ይስማሙ።

አየር ማረፊያው አዘዞ በኩል ስለሆነ ከጎርጎራ የሚመለስ ሰው ከተማ ሳይገባ በቀጥታ ሊደርስበት ይችላል። ከደባርቅ የሚመለስ ግን ከተማውን ማቋረጥ አለበት፤ ጠዋት የሚበር ከሆነ የመጨረሻውን ሌሊት ጎንደር ይደር፣ ያን ሌሊት ደግሞ ከጎሃ ኮረብታ በታች አይውረድ።